ማንም ያላነበበው ሊንክ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና ከፋሲካ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ነው። ዛሬም ድረስ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል። "ተአምር" የሚለውን ቃል በየሜዳው መጣል አልወድም፤ ለዚህኛው ግን ሌላ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁና ስሙን እናንተ አውጡለት።

የምኖረው ቀጨኔ ከወላጆቼ ጋር ነው። ሥራዬ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ በየዓይነቱ መመደብና መደርደር ነው። ሥራው ባሕርዬን አመጣው ወይስ ባሕርዬ ሥራውን፣ አላውቅም፤ ብቻ ያለቦታው የተቀመጠ ነገር ሳይ ያሳክከኛል። ማንኪያና ሹካ ተቀላቅሎ ካየሁ ሳልለይ አልበላም። እህቴ ሰብለ "አንተን የምታገባ ሴት መጀመሪያ ቁጥር ይለጠፍባታል" እያለች ትስቅብኛለች።

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተለያየን አምስት ጓደኛሞች ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢንተርኔት ላይ አንድ የጋራ የሊንክ ማስቀመጫ ከፈትን። አንዱ ጥሩ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ሲያገኝ ሊንኩን እዚያ ያስቀምጣል፤ ሌሎቻችን በጊዜያችን ገብተን እናያለን። የተማሩት ዕልባት ይሉታል፤ እኛ ሊንክ ብለነው ቀርተናል። ጤና፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ መዝሙር፣ ሳቅ እያልን በፎልደር ከፋፍለነዋል። ከፋፍለነዋል ስል ከፋፍዬዋለሁ ማለቴ ነው። የአራቱ ሥራ መወርወር ነበር፤ የኔ መልቀም።

ከሁሉም የሚብሰው ቶሎሳ ነው። ቶሎሳ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቸርቻቸው ኳየር መሪ ነው። ደንበኛ ጋብ ባለ ቁጥር ስልኩን ይከፍትና ርዕስ ብቻ እያየ ያገኘውን ሁሉ "መዝሙር" ውስጥ ይከታል። አንድ ጊዜ የማይክራፎን ማስታወቂያ፣ አንድ ጊዜ ስለ ጉሮሮ ሕመም የተጻፈ ምክር፣ አንድ ጊዜ የወፎች ድምፅ እዚያ ውስጥ አግኝቻለሁ። "አንብበኸዋል?" ስለው "አስቀምጬዋለሁ እኮ!" ይለኛል፤ ማስቀመጥና ማንበብ አንድ የሆነ ይመስል። ስቆጣው ይስቃል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተ ሁለቱንም ነህ" ይለኛል።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በወጣትነቱ ግን ገጠር ዜማ ተምሯል። ቅስና አልተቀበለም፤ ሆኖም በክብረ በዓል ቀን ቀጨኔ መድኃኔዓለም ከሊቃውንቱ ጎን መቋሚያውን ይዞ ይቆማል፤ ድምፁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጸሎት መጽሐፉ ገጾች ጥግ ላይ ከስፌት የተረፈ ክር እያሰረ ምልክት ያደርጋል። ቀዩ ለምን፣ ሰማያዊው ለምን እንደሆነ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ይሄን የመደርደር አባዜ የወረስኩት ከሱ ሳይሆን አይቀርም።

ካልኳችሁ ፋሲካ በፊት በነበረው መስከረም አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዳው፤ ንግግሩ ጨርሶ ጠፋ። የምንለው ሁሉ ይገባዋል፤ ለመናገር አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው "ታ... ታ... ታ" ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሊጠይቁት የመጡ የደብሩ ሰዎች ፊት እንዲህ ሲል፣ አብሮ የመጣ ሕፃን ከት ብሎ ሳቀ። ሕፃን ነው፤ ምን ይደረጋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አባቴ አፉን ገጠመ። ውሃ ሲፈልግ በጣቱ ያሳያል፤ ሌላውን እኛ እንገምታለን።

የሆስፒታሉ የንግግር ባለሙያ "ጊዜ ይፈልጋል፤ ልምምዱን አታቋርጡ" ብላን ነበር። እሱ ግን በጄ አላለም። "አባዬ፣ ውሃ በል እስቲ" ስንለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያ ሰባት ወር ለቤታችን ከባድ ነበር።

ይበልጥ ያከበደው ደግሞ የሰብለ ነገር ነው። ሰብለ ታጭታለች። ሠርጉ ለጥር ታስቦ በአባቴ ሕመም ምክንያት ወደ ግንቦት ተገፋ። እጮኛዋ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ይዟት ሊሄድ ይጠብቃል። እሷ ግን "አባዬ በአፉ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" አለች። የሙሽራው ወገኖች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ደግነትም ግን ልክ አለው፤ ከግንቦት ወዲያ አይሆንም ብለው ቁርጡን ነገሩን። እናቴ "ልጄ፣ የአባትሽ እጅ አናትሽ ላይ ካረፈ እሱም ምርቃት ነው" እያለች ትለምናታለች። ሰብለ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ይህ ሁሉ ሲወራ አባቴ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል።

ፋሲካ ካለፈ ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰብለና እናቴ በዚሁ ጉዳይ ተጨቃጨቁ። እኔ መሐል መግባት ስላልፈለግሁ ስልኬን ይዤ ጥግ ያዝኩ። ሌላው ሰው ሲጨንቀው ቤት ይጠርጋል፤ እኔ ፎልደር እጠርጋለሁ። "መዝሙር" ውስጥ ገባሁና የቶሎሳን ጉድ አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። የማይከፈተውን አጠፋለሁ፣ ቦታው ያልሆነውን አነሣለሁ።

አንዱ ረጅም የእንግሊዝኛ ርዕስ ያለው ነበር። ከተቀመጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ማስቀመጫችን እያንዳንዱ ሊንክ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያሳያል፤ የዚህኛው ዜሮ ነበር። ከአምስታችን አንዳችንም አልነካነውም። ላጠፋው ጣቴን አስጠግቼ ነበር። ግን የቤተ መጻሕፍት ሰው ሳያይ አይጥልምና ከፈትኩት።

ጽሑፉ ስትሮክ ንግግራቸውን ስለወሰደባቸው ሰዎች ነበር። አንዳንዶቹ መናገር ባይችሉም ማዜም ይችላሉ ይላል። ንግግርና ዜማ ጭንቅላት ውስጥ በአንድ መንገድ ብቻ አይሄዱም፤ የአንዱ መንገድ ሲዘጋ የሌላው ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ዜማ አብራችሁት አዚሙ፤ ሲለምደው በዚያው ዜማ ላይ የራሱን ቃል ጨምሩለት ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያልገቡኝን ቃላት ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ ሦስተኛ አነበብኩት።

ቶሎሳ ጋ ደወልኩ። ርዕሱን አነበብኩለትና "ይሄን ለምን መዝሙር ውስጥ ከተትከው?" አልኩት።

"እ... ስለ መዘመር ይላል አይደል? ለኳየሩ ድምፅ ማሟሻ መስሎኝ ነዋ። ለምን፣ ምን ይላል?"

"አላነበብከውም?"

"አስቀምጬዋለሁ እኮ!"

በሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሰዓት ሙሉ እለፈልፍበት ነበር። ያን ቀን ግን የተጻፈውን ነገርኩት። ቀስ ብሎ "ነገ ከቸርች ስወጣ እመጣለሁ" አለኝ።

እስከዚያ ዝም ብዬ መጠበቅ አልቻልኩም። በአባቴ የወጣትነት ዘመን ይደመጡ የነበሩ ዘፈኖችን በስልኬ ከፈትኩለት። አልወደደውም፤ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ የተቀዳ የማኅሌት ዜማ ፈልጌ አሰማሁት። ይሄን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ እያልኩ ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድንም እስከ ምሳ ድረስ ስልኬን ጆሮው ሥር ይዤ ዋልኩ። እናቴ በመጨረሻ ሰለቻትና "ኧረ ተወው፣ አትነዝንዘው!" አለችኝ።

እሑድ ከሰዓት ቶሎሳ መጣ። የሆነውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"ስማ፣ ጽሑፉ 'አብራችሁ' አይደል የሚለው? ስልክ ከሰው ጋር አብሮ አይዘምርም። እኔ ለኳየሩ የተቀዳ መዝሙር ከፍቼ ብሄድ ማን ይማርልኛል? አንተ ነህ ማዜም ያለብህ።"

"እኔ ዜማ መች አውቃለሁ?"

"እኔ ደግሞ የናንተን ጭራሽ አላውቅም። በቃ፣ ያለኸው አንተ ነህ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ዜማ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። ከአንዲት አጭር መስመር አላለፍኩም። ያቺንም ቢሆን መሐሏ ላይ ድምፅ ዝቅ ማለት ሲገባው እኔ ሽቅብ እወጣ ነበር። ዜማ ቤት ተማሪ ሲሳሳት መምህሩ ዝም ብሎ አያልፍም። እዚያው ያቆመዋል፣ ትክክለኛውን ራሱ አዚሞ ያሰማዋል፣ ተማሪው ይቀበለዋል፤ እስኪቃና ድረስ። አባቴ መቶ ጊዜ አዜመልኝ፤ መቶ አንደኛው ላይ እኔ ኳስ ልጫወት ጠፋሁ።

አባቴ ግቢ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ፀሐይ እየሞቀ ባለ ክንድ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የጎረቤት ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ። እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ የደረስኩት ሰውዬ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። ኃፍረቴን ዋጥ አድርጌ ያቺን መስመር ጀመርኩ። ድምፄ ሻካራ ነው፤ አንዷ ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን አይቻታለሁ። መሐሏ ላይ ስደርስ እንደ ልጅነቴ ሽቅብ ወጣሁ። አውቄ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ስሕተት ተሸክሜ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ መታ አደረገ። አቁም ማለቱ ነው። አቆምኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁንም ሽቅብ ወጣሁ። እንደገና መታ፤ ይሄኔ ጠንከር አድርጎ። ፊቱ ቀላ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ቶሎሳ በሹክሹክታ "ኧረ ይብቃህ፣ ግፊታቸው እንዳይነሣ" አለኝ። እኔም ፈራሁ። አባቴ ግን በጣቱ "ቀጥል" አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ጀመርኩ፤ እዚያች ቦታ ስደርስ ሦስተኛ ጊዜ ተሳሳትኩ።

አባቴ አፉን ከፈተና አዜመ።

"ታ... ታ" አይደለም፤ ቃሉን ነው። ሙሉውን መስመር፣ ከነቃሉ፣ ዝቅ ማለት ያለበት ቦታ ላይ ዝቅ ብሎ። ድምፁ ይርገበገባል እንጂ ያው የማውቀው የአባቴ ድምፅ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ሰምቼው አላውቅም። የሚያሰጡት ሴቶች እርጥቡን ልብስ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

እናቴ ከውስጥ ጮኸች። "ኧረ ያንን ስልክ ዝጋው! ሰውየውን ዕረፍት ነሣኸው እኮ!"

"ስልክ አይደለም፣ እማዬ" ልላት ፈለግሁ፤ በተራዬ እኔ ድምፅ አጣሁ። የመለሰላት ቶሎሳ ነው። "እማማ፣ ይውጡ እስቲ! ጋሼ ናቸው! ራሳቸው ናቸው!"

እናቴ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። አባቴ አላያትም። የሚያየው እኔን ነው፤ መስመሩን ጨርሶ በጣቱ "በል አንተ" እያለኝ። ለሱ ትምህርቱ አላለቀም ነበር። ተቀበልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ቦታ ዝቅ አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ያኔ እናቴ ተንበርክካ መሬት ሳመች፤ እኔና ቶሎሳ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን አለቀስን።

ሰብለ ከውጭ ስትመለስ አባቴ ሌላ ዜማ ጀምሮ ነበር። በሩ ሥር ቦርሳዋን እንደያዘች ቁጭ ብላ አዳመጠችው። ስትነሣ ፊቷ ሁሉ በርቶ ነበር። "ይመርቀኛል! ይመርቀኛል!" እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

በነጋታው ለንግግር ባለሙያዋ ነገርናት። በጣም ደስ አላት። "አሁን በዚያው ዜማ የራሳቸውን ቃል እንዲያስገቡ ሞክሩ። 'ውሃ ስጡኝ' ይበሉ፣ በዜማ" አለችን።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ጠዋት ማታ ያዜማል። በዚያ ዜማ "ውሃ" በል ስንለው ግን አፉን ግጥም ያደርጋል፤ በቁጣ ራሱን ይነቀንቃል። ቆይቶ ገባኝ። ለእግዚአብሔር በተሰጠ ዜማ ውሃ አይለመንም ማለቱ ነው። ቶሎሳ "እንግዲያው የኛን መዝሙር ልሞክርላቸው?" ቢል እናቴ ገላመጠችው፤ አባቴ ሳይቀር ሳቀ። በራሱ ቃል ግን አንዲት ነገር አልወጣውም። አራት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ሰብለም ተስፋ ቆረጠችና ሠርጉ ሲቃረብ "እጁ ይበቃኛል" አለች። ቃሉን በሱ ፈንታ የእናቴ ወንድም ጋሽ ደምሴ እንዲሉት ተወሰነ።

የሠርጉ ቀን ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጣለ። ሙሽራው መጣ። ሰብለና እሱ የአባቴን ጉልበት ሊስሙ ዝቅ አሉ። ጋሽ ደምሴ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንግዲህ ልጆቼ..." ብለው ሲጀምሩ አባቴ ግራ እጁን አነሣ። ጋሽ ደምሴ ተመልሰው ተቀመጡ። ያ ሁሉ የሚንጫጫ ሰው ዝም አለ።

አባቴ እጁን ሰብለ አናት ላይ አሳረፈ። "ል..." አለ፤ በዜማ። እዚያችው ላይ ቆየ። በጣም ቆየ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። "ታ..." የሚል መስሎኝ ነበር።

"...ጄ" አለ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የተከፈተለት ይመስል ነበር። "ይባርክሽ" አለ። "ውለዱ" አለ። "ክበዱ" አለ። አንዷን ቃል ከሌላዋ እያራቀ፣ በእርጋታ፣ በዚያ በምናውቀው ድምፁ። ከኋላዬ የነበሩ አንድ አዛውንት "በአራራይ እኮ ነው" አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ። አራራይ ለደስታ የሚስማማው ስልት ነው፤ መርጦላት ነው። ለውሃ የነፈገውን ዜማ ለልጁ ምርቃት አልነፈገም። ምርቃትማ ወደ እግዚአብሔር የሚሄድ ቃል ነዋ።

"አሜን!" አለ ድንኳኑ። እንደዚያ ያለ አሜን ሰምቼ አላውቅም። ከሁሉ በላይ የቶሎሳ ይሰማ ነበር። ሰብለ ከአባቴ ጉልበት አልነሣም አለች፤ ሚዜዎቿ ናቸው ደግፈው ያስነሧት። የተኳለችው ሁሉ በእንባ ታጥቦ፣ እንደዚያን ቀን አምራ አይቻት አላውቅም።

ዛሬ አባቴ ጥቂት ቃላትን ያለ ዜማም ይናገራል፤ "ውሃ" አንዱ ነው። ባለፈው ሰሞን የአንድ የሥራ ባልደረባዬ እናት ስትሮክ መታቸውና ያንን ሊንክ ልልክለት ፈለግሁ። አይከፈትም። ገጹ ጠፍቷል። የጻፈውን ሰው ስም እንኳ አልያዝኩትም፤ የማስታውሰውን በቃሌ ነገርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይከፍተው ቆየ፤ ባስፈለገን ሳምንት ተገኘ፤ ከዚያ ሄደ። ቶሎሳ አንብቦት ቢሆን ኖሮ "ጤና" ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። "ጤና" ደግሞ ዘወትር ንጹሕ ስለሆነ እኔ ገብቼ አልጠርገውም። የዳንነው ዕድሜ ልኬን በተቆጣሁበት ዝርክርክነት ነው።

ከሊንኩ በላይ የሚገርመኝ ግን አባቴ ነው። ያን ሁሉ ወር እኛ እፊቱ ተቀምጠን ምርቃቱ ቀረ እያልን ስናወራ፣ ምርቃቱ እዚያው እሱ ውስጥ፣ ከነዜማው፣ ሙሉ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ጠፋ ያልነው እኛ ነን እንጂ የጠፋ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ሰው አጠገብ ስሆን አፌን እጠብቃለሁ።